እጅ ለባለቤቱ ያደላል

አባቴ የማሾ ነጋዴ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ካለችው መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ፣ ገበሬው ከአህያ ያወረደውን ጆንያ በሁለት እጁ ነቅነቅ ያደርግና ሚዛን ሳይነካ «52» ይላል። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ 51 ወይም 53 ነው። እኛ ልጆቹ ይህን እንደ ተአምር ነበር የምናየው።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ማሾ በሚሰበሰብበት ወቅት፣ የሒሳብ ደብተሩን እንድይዝለት ሰጠኝ። ስራ ፈትቼ ስቀመጥ በአንድ በኩል የእሱን ግምት፣ በሌላ በኩል የሚዛኑን ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ። ገጹ ሲሞላ አንድ ነገር ታየኝ። ሲገዛ ግምቱ ከሚዛኑ ጥቂት ያንሳል፤ ሲሸጥ ጥቂት ይበልጣል። እየፈራሁ አሳየሁት። አባቴ የሰው ሐቅ የሚፈራ ሰው ነው። አልተቆጣም። ደብተሩን አገላብጦ አየና «ሆን ብዬ አይደለም ልጄ፤ እጅ ለባለቤቱ ያደላል» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚዛን ሳይወጣ በዚያ በር ያለፈ ጆንያ የለም።

እኔ አሁን የሰመመን ባለሙያ ነኝ፤ የአገሬ ሰው «ማደንዘዣ የምትወጋዋ» የሚለኝ። የተማርኩት ደብረ ብርሃን፣ በቀዶ ሐኪሙ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም በተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓስ ነው። ስመረቅ ተመልሼ ቆላ ወረድኩ። የአባቴ አነጋገር አጥንቴ ድረስ የገባኝ ግን ትምህርት ቤት ሳይሆን፣ አንድ የሽንኩርት ገበሬ ትንፋሹን እጃችን ላይ ጥሎ ባደረበት ሌሊት ነው።

ሳክስ ያልለቀቀው ሰው

ሰውየው ሃምሳን የተሻገረ የቀወት ገበሬ ነው፤ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። አንጀቱ ታጥፎ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ በባጃጅ አመጡት። እንዲህ ያለ ሰው ሲተኛ በሆዱ ያለው ነገር ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቶሎ ማስተኛት፣ ቶሎም የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ግድ ነው። ለዚህ የሚፈጥነው ጡንቻ ማላሊያ ሱክሳሜቶኒየም ነው፤ እኛ ባጭሩ ሳክስ እንለዋለን። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጡንቻውን ሁሉ ያላላል፤ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ባለው ጊዜ ደግሞ ይለቃል።

ኬታሚን ሰጠሁት፤ ሳክስ ሰጠሁት፤ ቱቦው ገባ። የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ኦፊሰሩ ሆዱን ከፈተ። ረዘም ላለ ጊዜ የሚሠራውን ሁለተኛውን ማላሊያ ከመስጠቴ በፊት ሳክሱ መልቀቁን ማየት ነበረብኝ። አሥር ደቂቃ ሆነ፤ ሃያ ሆነ፤ ሠላሳ ሆነ። ጣት አልተነቃነቀም፤ ደረት በራሱ አልተነሳም። ኦፊሰሩ ግን «ዛሬ ሆዱ እንዴት ለስልሶልኛል! ተባረኪ» እያለ ያመሰግነኛል። ባመሰገነኝ ቁጥር ፍርሃቴ ጨመረ።

ሥራው በአንድ ሰዓት ተኩል አለቀ። ሰውየው አሁንም አይተነፍስም። በዚህ መሐል መብራት ሄደ፤ የመተንፈሻ ማሽኑም አብሮ ቆመ። አምቡ ባግ የሚባለውን የትንፋሽ ከረጢት ይዤ በእጄ መጭመቅ ጀመርኩ። «ደብረ ብርሃን እንላከው» ያለ ነበር። ደብረ ብርሃን መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ነገር ግን መንገዱ በደብረ ሲና አድርጎ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ጣርማበር የሚያወጣ ዳገት ነው። ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ እየሳሳ፣ የማይተነፍስ ሰው ይዞ፣ በሚወዛወዝ አምቡላንስ ውስጥ ባግ እየጨመቁ የጣርማበርን ዋሻ ማለፍ አልታየኝም። «እዚሁ እንተንፍስለት» አልኩ።

እየተፈራረቅን ተነፈስንለት። ሰውነቱ ታስሮ ልቡ እንዳይነቃ ኬታሚን እጨምራለሁ። ከተኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆነው ስቅታ የመሰለ ነገር ደረቱን ነቀነቀው። ቀስ በቀስ የራሱ ትንፋሽ መጣ፤ ኬታሚኑን ሳቆምም ዓይኑን ገለጠ። ሁላችንም ዝለናል። «በይ አውጪለት» አለኝ አንዱ። የሰውየውን እጅ ያዝኩና «ጨብጠኝ አባቴ» አልኩት። ጨበጠኝ። ጠንካራ መሰለኝ። እጄን ወደ ቱቦው ስሰድ የአባቴ ደብተር መጣብኝ፤ ሲገዛ ያንሳል፣ ሲሸጥ ይበልጣል። እኔ በዚያ ሰዓት ገላግሉኝ የምል፣ ድካሜን ልሸጥ የቸኮልኩ ነጋዴ ነበርኩ። እጄም ለእኔ እያደላ ነበር።

ቱቦውን ተውኩት። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ራሱን ከትራስ አንስቶ ሳይንቀጠቀጥ ሲይዝ፣ ደግሞም ሲደግመው፣ ያን ጊዜ አወጣሁለት። ሲነጋ ውኃ ጠየቀን፤ ከለከልነው። ተቆጣን። ያን ቁጣ የመሰለ ደስ የሚል ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ማስተኛት ሌላ፣ ማላላት ሌላ

ብዙ ሰው ማደንዘዣ ሲባል አንድ መርፌ ይመስለዋል። በሙሉ ሰመመን ግን ሦስት ሥራዎች አሉ፦ ማስተኛት፣ ሕመም ማጥፋትና ጡንቻ ማላላት። ሦስተኛውን የሚሠራው መድኃኒት አያስተኛም፤ ሕመምም አያጠፋም። ጡንቻን ብቻ ይፈታል።

ይህን ለማረጋገጥ ራሱን የሰጠ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1947 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ስኮት ስሚዝ የተባለ የሰመመን ሐኪም፣ ምንም ማስተኛ ሳይወስድ፣ ኩራሬ የተባለውን ማላሊያ ባልደረቦቹ እንዲወጉት አደረገ። መተንፈስ አልቻለም፤ ተነፈሱለት። ዓይኑን መግለጥ አልቻለም። መድኃኒቱ ሲለቀው ግን የተባለውንና የተደረገበትን ሁሉ ተናገረ። አንድም ነገር አላመለጠውም ነበር። እኔ በዚያ ሌሊት ኬታሚን እየጨመርኩ ያደርኩት ገበሬው እንዲህ ያለ መከራ እንዳይደርስበት ነው።

ኩራሬ የደቡብ አሜሪካ አዳኞች ቀስታቸውን የሚነክሩበት የዕፅ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 1942 በካናዳ ሞንትሪያል ሃሮልድ ግሪፍዝና ኢኒድ ጆንሰን፣ ትርፍ አንጀቱ ለሚወጣለት አንድ ወጣት ሰጡትና ቀዶ ሕክምናን ለወጡት። ከዚያ በፊት ሆድን ለማለስለስ ሕመምተኛውን እስከ ሞት አፋፍ በሚያደርስ ብዙ ኤተር ማስተኛት ያስፈልግ ነበር። አሁን ጥቂት እንቅልፍና ጥቂት ማላሊያ በቃ።

ደስታው ግን ዋጋ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1954 ቢቸርና ቶድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ10 ሆስፒታሎች ሰመመን የወሰዱ ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎችን መዝገብ አገላብጠው ውጤቱን አወጡ። ማላሊያ ከተሰጣቸው መካከል በሰመመን ምክንያት የሞቱት፣ ካልተሰጣቸው ጋር ሲተያይ ስድስት እጥፍ ያህል ነበሩ። ክርክሩ ለዓመታት ቆየ። ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ያው የእኔ ሌሊት ጥያቄ ነበር፦ ጡንቻው በእርግጥ መመለሱን ማን ለካ?

ገበሬው፣ ሽንኩርቱና ሳክሱ

ጡንቻ የሚንቀሳቀሰው ነርቭ ሲያዝዘው ነው። ነርቩ ግን ጡንቻውን አይነካውም። በመካከላቸው በዓይን የማይታይ ክፍተት አለ። ነርቩ በዚያ ክፍተት አሴቲልኮሊን የሚባል መልእክተኛ ይልካል። መልእክተኛው የጡንቻውን በር ይከፍታል፤ ጡንቻውም ይኮማተራል። ወዲያው ኮሊኒስቴሬዝ የሚባል ጠራጊ መጥቶ መልእክተኛውን ያስወግድና በሩ ለሚቀጥለው ትእዛዝ ይዘጋጃል። የእባብ ነገር ለማይጠፋው የቆላ ሰው አንድ ልጨምር፦ የኮብራ መርዝ ሰውን የሚያዝለው በዚሁ በር ላይ ተቀምጦ ነው።

ሳክስ ሁለት የአሴቲልኮሊን መልእክተኞች ተጣብቀው የተሠሩበት መድኃኒት ነው። በሩን ከፍቶ እዚያው ይቆማል፤ አዲስ ትእዛዝም አይሰማም። በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቀው በደም ውስጥ ያለው ኮሊኒስቴሬዝ ስለሚቆራርጠው ነው። ጠራጊው ከሌለ ወይም ከደከመ ሳክሱ ለሰዓታት ይቀመጣል። አንዳንድ ሰው ጠራጊው ደካማ ሆኖ ይወለዳል። አንዳንዱን ደግሞ መርዝ ያደክመዋል።

ሰውየው በሦስተኛው ቀን ሲያወራኝ ነገሩ ተገለጠልኝ። ከመታመሙ በፊት ባሉት ቀናት ሽንኩርቱን ሲረጭ ነበር። በጀርባው የሚያዝለው መርጫ ያፈስሳል፤ በዚህ ሙቀት ሸሚዝ ማን ይለብሳል? ማላታይንን የመሰሉት፣ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ተባዩን የሚገድሉት ያንኑ ጠራጊ አስረው ነው። በቆዳና በትንፋሽ ሰው ውስጥ ሲገቡም የሰውን ጠራጊ ያስራሉ። የደሙ ኮሊኒስቴሬዝ ወደ ቦታው እስኪመለስ ሳምንታት ይወስዳል። ሰውየው ምንም ሕመም ሳይሰማው ጠራጊው ተዳክሞ ሊመጣ ይችላል። እኛ ዘንድ ይህን የሚመረምር ላብራቶሪ ስላልነበረ ከጥርጣሬ አላልፍም። ግን ከዚያ ወዲህ የመጣ ገበሬ ሁሉ ስለ ጾሙ ከመጠየቁ በፊት ስለ ርጭቱ ይጠየቃል።

የሚገርመው፣ ለዚህ ለራሱ ችግር የተሠራ መሣሪያ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1958 ለንደን ውስጥ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ክሪስቲ እና ቸርችል-ዴቪድሰን የተባሉ ሐኪሞች በእጅ የሚያዝ የነርቭ ማነቃቂያ አስተዋወቁ። ሥራው ከቀዶ ሕክምና በኋላ አልተነፍስ ያለ ሰው ለምን እንደማይተነፍስ መለየት ነበር። ክርናችንን ግድግዳ ሲመታን እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን ነርቭ አለ፤ አልናር ይባላል። ያ ነርቭ አንጓ ላይ ሲደርስ ከቆዳ ብዙም አይርቅም። እዚያ ላይ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ሲሰጠው አውራ ጣት ወደ መዳፍ ትሰበሰባለች። ጣቷ ከዘለለች በሩ ትእዛዝ መስማት ጀምሯል፤ ካልዘለለች ማላሊያው አልለቀቀም። እኔ ያን ሌሊት ይህ ቢኖረኝ ኖሮ በሃያኛው ደቂቃ ነገሩን አውቄው ነበር።

አራተኛው ጆንያ

ጣት ዘለለች ማለት ግን ኃይሏ ተመለሰ ማለት አይደለም። ይህን የፈታው ዘዴ ከሊቨርፑል ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1970 ይፋ ካደረጉት ሐኪሞች አንዱ ስሙ ሀሰን አሊ ይባላል፤ ይፋት ውስጥ በየመንደሩ የሚገኝ ስም። ባልደረቦቹ አቲንግና ግሬይ ነበሩ። ዘዴው ቀላል ነው፦ በግማሽ ግማሽ ሰከንድ ልዩነት አራት ምት መስጠት፣ ከዚያም የአራተኛውን ጉልበት ለመጀመሪያው ማካፈል።

ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አካባቢ አይሱዙ ላይ ሽንኩርት የሚጭኑትን ልጆች ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የደከመ ጫኝ የመጀመሪያውን ጆንያ እንደ ጤነኛ ያነሳዋል። ሁለተኛው ላይ ወገቡ ይሰማዋል፤ ሦስተኛው ትከሻው ላይ ይዘገያል፤ አራተኛው ጉልበቱ ላይ ይቀራል። በመጀመሪያው ጆንያ የሚፈርድ አሠሪ ይታለላል። ቬኩሮኒየምንና መሰሎቹን ማላሊያዎች የወሰደ ጡንቻም እንዲሁ ነው። አራተኛው ከመጀመሪያው እኩል ከሆነ ውጤቱ 1 ነው፤ ግማሹን ካከለ 0.5። ሳክስ ግን ጠባዩ ለየት ይላል፤ አራቱንም እኩል ነው የሚያደክማቸው። እዚያ የሚታየው ከመድኃኒቱ በፊት ከነበረው ጉልበት ምን ያህሉ እንደተመለሰ ነው።

ቱቦ ለማውጣት ስንት ይበቃል? ቀድሞ 0.7 ይባል ነበር። ኋላ ግን ከ0.9 በታች የሆነ ሰው የጉሮሮው ጡንቻ ምራቁን በደንብ እንደማይውጥ፣ ወደ ሳንባው ሊያልፍ እንደሚችል ታወቀ። ዲያፍራም የሚባለው የመተንፈሻ ጡንቻ ቀድሞ ይነቃል፤ ጉሮሮ ይዘገያል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ዓይኑን ይገልጣል፣ ስለዚህ የዳነ ይመስላል፤ ብቻውን ሲተኛ ግን መተንፈሻው ይዘጋል። ራስን ለአምስት ሰከንድ ከትራስ ማንሳት፣ እኔ በዚያ ሌሊት የተማመንኩበት ፈተና፣ ጉልበቱ ገና ከ0.6 ያላለፈ ሰውም ሊያልፈው ይችላል። አላህ ረዳን እንጂ መለኪያዬ ሙሉ አልነበረም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይሄ ነው፦ ማነቃቂያውን አድርገን አራቱን ምቶች በጣታችን ብንዳስስ፣ ውጤቱ ከ0.4 ካለፈ በኋላ የመጀመሪያውና አራተኛው እኩል ይመስሉናል። ልምድ ያለውም የሌለውም ያው ነው። ከ0.4 እስከ 0.9 ያለው መንገድ ለእጅ ጨለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ኮፐንሃገን ውስጥ ቪቢ-ሞገንሰንና ባልደረቦቹ፣ ሐኪሞቻቸው «ነቅተዋል» ብለው ወደ ማገገሚያ ክፍል ያስገቧቸውን ሕመምተኞች በመሣሪያ ለኩ። 42 በመቶዎቹ ከ0.7 በታች ነበሩ። ሐኪሞቹ ሰነፎች አልነበሩም። የዕለቱ ሥራ አልቋል፤ ሁሉም መገላገል ይፈልጋል፤ እጅ ለባለቤቱ ያደላል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካና የአውሮፓ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበራት በየራሳቸው ባወጡት መመሪያ፣ ማላሊያ የወሰደ ሁሉ በቁጥር በሚለካ መሣሪያ እንዲታይና 0.9 ሳይደርስ ቱቦው እንዳይወጣ መክረዋል። የአባቴ መጋዘን ደንብ ዓለም አቀፍ ሆነ ማለት ነው።

ለቆላም ለደጋም

መሣሪያ የለንም ብዬ አልዋሽም። ያን ሌሊት በሆስፒታሉ መጋዘን አንድ የነርቭ ማነቃቂያ በካርቶን ተኝቶ ነበር፤ በእርዳታ የመጣ። የሚቀበለው የራሱን ኤሌክትሮድ ብቻ ነው። እሱ ሲያልቅ ማሽኑም አብሮ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2011 ፔሪና ማልኪን በ16 አገሮች 112,040 የሕክምና ዕቃዎችን ተመልክተው 38.3 በመቶው እንደማይሠራ ጽፈዋል። ሆስፒታሎቻችንን የሚያውቅ ሰው ቁጥሩ አይገርመውም።

አብሮ አደጌ የሆነ የባዮሜዲካል ባለሙያ አለ። ማታ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሻይ ይዘን የራሳችንን መለኪያ በወረቀት ላይ እንሥላለን። መጀመሪያ ያሳየኝ ንድፍ መስመር የሚሠራ፣ አምስት ቁጥር የሚያሳይ፣ ያማረ ነበር። «አንቺ፣ ቱቦ ከማውጣትሽ በፊት ባለው አምስት ደቂቃ እጅሽ የት ነው?» አለኝ። ቆጠርኩለት፤ አንዱ እጄ ባጉ ላይ፣ ሌላው አገጩ ላይ፣ ዓይኔ ኦክስጅን በሚያሳየው ሞኒተር ላይ። «እንግዲያ ይሄን ሁሉ ማን ያነብልሻል?» ብሎ ወረቀቱን ቀደደው። አሁን የቀረችው አንዲት ቁጥርና ሁለት ቃል ናት፦ «ገና» እና «ደርሷል»።

ቀጥሎ ያለው የኤሌክትሪኩ ጣጣ ነው። ነርቩ ውስጥ ያሉት ክሮች በሙሉ እንዲነሱ ብዙውን ጊዜ እስከ 60 ሚሊአምፔር ያስፈልጋል፤ ጊዜው የሰከንድ 1/5,000 ብቻ። ነገር ግን ቆዳ ይለያያል። ሸዋ ሮቢት ላይ ላብ ያረጠበው አንጓ ጅረቱን በቀላሉ ያሳልፋል። ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ የደረቀ ቆዳ እስከ 5,000 ኦም ሊቋቋም ይችላል። 60 ሚሊአምፔር በዚያ ለመግፋት 300 ቮልት ይጠይቃል፤ ከግድግዳው መብራት ይበልጣል። ስለዚህ መሣሪያው እንደ ጥሩ የመስኖ ሞተር መሆን አለበት፦ ቱቦው ሰፋም ጠበበ የሚገፋው ውኃ አንድ ልክ ነው። ኃይሉ ከባትሪ ይመጣል፤ መብራት ቢሄድም እንዲሠራ፣ ከግድግዳው ጋር ተያይዞም ሕመምተኛውን እንዳይነዝር። የእጅ ብርድ ራሱ ጣትን ያደክማል። የእጁ ቆዳ ከ32 ዲግሪ ሲወርድ መሣሪያው ያልለቀቀ መድኃኒት ያለ ያስመስላል። በመቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለት የአየር ጠባይ ያለበት አገር ሰው ይህን ማስተማር አያስፈልገውም። ቆላ ላይ ጣጣው ሌላ ነው። ሳክስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ይሞቃል፤ መድኃኒቱ ይደክማል። የደከመ መድኃኒት በሚሰጥበት ቦታ መጠኑን በልምድ መገመት አይቻልም። ሙቀቱ የልብ ምት መከታተያውን ተለጣፊ ኤሌክትሮድ ጄልም ያደርቀዋል፤ ቢሆንም በየሆስፒታሉ የሚገኘው እሱ ስለሆነ መሣሪያችን እሱኑ እንዲቀበል ወስነናል።

ጣቷን የሚለካው ምንድን ነው? ስልክዎን ሲያዞሩት ስክሪኑ አብሮ የሚዞረው በውስጡ የፍጥነት ለውጥ የሚለካ ትንሽ ዕቃ ስላለ ነው። የዚያ ዓይነቱን አውራ ጣት ላይ ማሠር ነው። የጣቷ ክብደት ስለማይለወጥ፣ ስትዘልል የፍጥነቷ ለውጥ ኃይሏን ይናገራል። ቪቢ-ሞገንሰን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ዘዴ ይህ ነው። ጉድለት ግን አለው። ጣቷ ነፃ መሆን አለባት፤ ጨርቅ ከተጫናት ይስታል። መድኃኒት ሳይሰጥም ከ1 በላይ ሊያነብብ ይችላል። ስለዚህ ሰውየው ከተኛ በኋላ፣ ማላሊያው ከመሰጠቱ በፊት፣ አንዴ መለካትና በዚያ ማካፈል ግድ ነው። ሚዛን ላይ ባዶውን ጆንያ መጀመሪያ እንደምናስቀምጠው ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የተጨቃጨቅነው ስለ ስሕተት ነው። ኤሌክትሮዱ ተነቅሎ ጣቷ ባትዘልል መሣሪያው ምን ይበል? ጡንቻው እንደታሰረ ካሰበ እኔ ሳያስፈልግ ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ያ ቀላሉ ስሕተት ነው። ሌላው ኮተሪ የሚባለው፣ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሥጋ በኤሌክትሪክ የሚተኩሰው መሣሪያ የፈጠረው ንዝረት ነው። እሱን የጣት ዝላይ አድርጎ ቢቆጥርና «ደርሷል» ቢል ሰው ይሞታል። እኩል ያልሆኑ ስሕተቶች እኩል መታየት የለባቸውም። ስለዚህ ደንብ አወጣንለት፤ ጅረቱ መድረሱን ራሱ ይለካል፤ ካልደረሰ «ገመዱን እይ» ይላል። በተጠራጠረ ቁጥር መልሱ «ገና» ነው። ለእኛ እንዲያደላ አልሠራነውም።

የመጀመሪያውን ናሙና የሞከርነው በራሴ አንጓ ላይ፣ ቤታችን ነው። በ10 ሚሊአምፔር ነዘረኝ፤ በ30 አውራ ጣቴ ብድግ ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያ በላይ ለነቃ ሰው ያምማል። እናቴ ጀበናውን ይዛ ስትገባ ጣቴ አራት ጊዜ ስትዘልል አየች። «ቢስሚላህ! ልጅቷን ምን አስነካችኋት?» ብላ ጀበናውን ልትጥለው ነበር።

ከራሳችን አንጓ አልፎ ሕመምተኛ ዘንድ አልደረሰም፤ መድረስም የለበትም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያን ደኅንነት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳያይ፣ ባለሥልጣኑም ሳይፈቅድ ሰው ላይ አይሠራም። ሻይ ቤት የተሣለ ነገር ከኦፕራሲዮን ክፍል ለመድረስ ረጅም መንገድ አለው። መንገዱ ረጅም የሆነውም ለእርስዎ ሲባል ነው።

ከመተኛትዎ በፊት

እስከዚያው መሣሪያ የማይጠይቅ ነገር ልንገርዎ። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅዎ ከሆነ ለሰመመን ባለሙያው ሦስት ነገር ይናገሩ፤ ባይጠይቅዎትም። አንደኛ፣ ባለፉት ሳምንታት ፀረ ተባይ ረጭተው ከሆነ ምን እንደረጩ። ጠርሙሱን ማምጣት ቢቻል መልካም ነው። ሁለተኛ፣ ከቤተሰብዎ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ቶሎ አልተነፍስ ያለ ወይም ሳይነቃ የዘገየ ሰው ካለ። ሦስተኛ፣ አንድ እጅዎ ቀድሞ በሕመም ሽባ ሆኖ ከነበረ፤ እዚያ ላይ የሚደረግ ልኬት ያሳስታል። ስለ ርጭት ስንጠይቃቸው የግብርና ሠራተኛ መሰላችሁ ብለው የሚስቁ ሰዎች አሉ። ይሳቁ።

ገበሬው ስፌቱን ሊያስፈታ በአሥረኛው ቀን መጣ። ሽንኩርቱን ልጁ እየረጨው ነው፤ ሸሚዝና ጓንት አድርጎ፣ መርጫውም ተጠግኖ። «ያን ሁሉ ሰዓት ማን ነበር የሚተነፍስልኝ?» አለኝ። በየተራ ነበር አልኩት። «አልሃምዱሊላህ» አለና ሊሰናበተኝ እጄን ጨበጠኝ፤ አጥብቆ። ጠንካራ ነው አልኩ በልቤ። ወዲያው ደግሞ፣ ስንት?